«ማን ነገረኝ?»፦ የበረራ መዘግየት መልእክት በጊዜ እንዲደርሳችሁ፣ ከጅማ ለሚነሱ መንገደኞች

ባለፈው ክረምት አማቴ ፍራንክፈርት ያለች ልጇን አራስ ልትጠይቅ ተነሳች። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት። ሌሊቱን ቤታችን ውስጥ የተኛ ሰው የለም። የገንፎ ዱቄት ይለካል፣ ቡና ይቆላል፣ ጎረቤት የየራሱን ቋጠሮ ይዞ ይመጣል። ቅቤ ያመጡም ነበሩ። ቅቤ የአውሮፓን ጉምሩክ ስለማያልፍ ቤት አስቀረነው። ገና ሳይነጋ በሁለት ባጃጅ ተጭነን አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። መግቢያው ላይ ያለው ሠራተኛ ወረቀቷን አየና «እማማ፣ ይሄ በረራ እኮ ወደ ከሰዓት ተዛውሯል» አላት።

«ማን ነገረኝ?» አለች።

ጥያቄዋ ልክ ነበር። መልሱን ሳጣራ ግን ያፈርኩት እኔ ነኝ። መልእክቱ ከሁለት ቀን በፊት ተልኳል። የተላከው ቲኬት ቢሮ ውስጥ ቲኬቱን ለቆረጠልን ልጅ ስልክ ነው። እሱ የአማቴን ቁጥር አልጠየቀም፣ እኛም አልሰጠነውም። የራሱን ቁጥር አስገብቶ ጨረሰ። በቀን ስንት መልእክት ይገባለታል፣ አላየውም። ደግነቱ የፍራንክፈርቱ በረራ እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለነበር አላመለጣትም። እኛ ግን ቋጠሯችንን ተሸክመን ወደ ቤት ተመለስን።

አየር መንገዶች መዘግየትን ለመንገደኛ እንዲያሳውቁ የሚያስገድዱ ሕጎች አሉ። አንዳንዶቹ ደቂቃውን ሳይቀር ይቆጥራሉ። ሕጉ ግን ስልካችሁን አያውቀውም። ስለዚህ መመሪያውን የምጀምረው ከቲኬት ቢሮው ነው። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቁጥራችሁን ቲኬቱ ውስጥ አስገቡ

ብዙዎቻችን ቲኬት የምንቆርጠው ሰው ጋ ሄደን ነው። ብሩን እንከፍላለን፣ ፓስፖርቱን እንሰጣለን፣ ወረቀቱን ተቀብለን እንወጣለን። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ስልኬ ገብቷል?»

«አዎ ገብቷል» ቢላችሁ አትሂዱ። «እስኪ አንብብልኝ» በሉት። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ ውለታ አይደለም። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ በተለምዶ አያታ የምንለው፣ ከሰኔ 2019 ጀምሮ ቲኬት የሚቆርጡ ወኪሎች የመንገደኛውን ስልክ ወይም ኢሜይል ጠይቀው ቦታ ማስያዣው ውስጥ እንዲያስገቡ በደንቡ ያዛል። ምክንያቱ ይሄው ነው፦ በረራ ሲለወጥ አየር መንገዱ በቀጥታ እንዲያገኛችሁ። መንገደኛው «አልሰጥም» ቢል እንኳ እምቢ ማለቱ ይመዘገባል።

ቁጥሩ ሲገባ በ+251 ይጀምር፣ ዜሮው ይውጣ። 0911 ብሎ የሚጀምር ቁጥር +251911 ይሆናል። የሳፋሪኮም ቁጥር ከሆነ ደግሞ +2517 ብሎ ይቀጥላል። አጻጻፉ ከተሳሳተ መልእክቱ የትም አይደርስም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ነገር ግን ስትዘለል በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ሁለተኛ ቁጥርም አስገቡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአገር ስትወጡ የኢትዮጵያ ሲማችሁ ሮሚንግ ካልተከፈተለት መልእክት አይቀበልም። ለመልሱ ጉዞ የሚሆነው የምትሄዱበት አገር ያለ የልጃችሁ ወይም የእህታችሁ ቁጥር ነው። የምትልኩት ትልቅ ሰው ከሆነም ቴክስት የሚያነብ የቤተሰብ አባል ቁጥር ይጨመር። አማቴ ስልኳን የምትጠቀምበት ለመደወል ብቻ ነው። መልእክት ሲገባ «ካርድ ሙላ የሚሉት ናቸው» ብላ ታልፈዋለች።

ቤት ስትደርሱ ራሳችሁ አረጋግጡ። ወረቀቱ ላይ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የቦታ ማስያዣ ኮድ አለ። በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ላይ ያንን ኮድና የቤተሰብ ስማችሁን ስታስገቡ ቲኬታችሁ ይከፈታል። እዚህ ላይ ሐበሻ ይጣበቃል፦ የቤተሰብ ስም የሚሉት የአባት ነው የአያት? ፓስፖርቱ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጡት። ሲከፈት የመገናኛ አድራሻ የሚለውን ፈልጉ። የማታውቁት ቁጥር ካያችሁ ቀይሩት። የበረራ ማሳወቂያ ትፈልጋላችሁ ወይ የሚል ምርጫ ካለም አዎ በሉ። ይሄ ምርጫ ለምን እንደሚጠቅም የአሜሪካን ሕግ ሳነሳ ይገባችኋል።

«ለወኪሉ ነግሬያለሁ» ማለት ግን አየር መንገዱን ያድነዋል ወይ? በአውሮፓ አያድነውም። አንድ መንገደኛ ከአምስተርዳም ወደ ፓራማሪቦ፣ ሱሪናም፣ ለኅዳር 14 ቀን 2014 በኢንተርኔት ወኪል በኩል ቲኬት ቆርጦ ነበር። በረራው በአንድ ቀን ተገፋ። የሱሪናም አየር መንገድ ለወኪሉ የነገረው ከወር በላይ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 9 ቀን ነው። ወኪሉ ግን ለመንገደኛው የነገረው በረራው 10 ቀን ሲቀረው ነው። ሕጉ ስረዛ ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት መነገር አለበት ይላል። አየር መንገዱ «እኔ በጊዜው ነግሬያለሁ» ብሎ ተከራከረ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በግንቦት 2017 አልተቀበለውም። ለወኪሉ መንገር ለመንገደኛው መንገር አይደለም፣ መንገደኛው በጊዜ ማወቁን የማስረዳት ሸክምም የአየር መንገዱ ነው አለ። 600 ዩሮ ተወሰነለት። ይህን ፍርድ ሳነብ የአማቴ «ማን ነገረኝ?» ነው ትዝ ያለኝ።

ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት ሄዶ ከማሸነፍ «አንብብልኝ» ማለት ይቀላል።

ደረጃ 2፦ ቲኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ብር ለመቆጠብ ብለን የጅማውን ለብቻ፣ የውጪውን ለብቻ የምንቆርጥ አለን። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ከጅማ እስከ ፍራንክፈርት በአንድ ኮድ የተቆረጠ ቲኬት በሕግ ዓይን አንድ ጉዞ ነው። የጅማው ዘግይቶ የፍራንክፈርቱ ቢያመልጣችሁ፣ የሚቀጥለው ላይ ማስቀመጥ የአየር መንገዱ ሥራ ነው። ለሁለት የተቆረጠ ከሆነ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ እናንተን የሚያውቃችሁ በሰዓቱ ያልመጣ መንገደኛ አድርጎ ብቻ ነው። የጅማ ጭጋግ አይመለከተውም።

አንድ ከሆነ ሌላም ጥቅም አለው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት የሚሠራው ለዓለም አቀፍ ጉዞ ነው። በአንድ ውል የተቆረጠ ከሆነ ከጅማ ቦሌ ያለችው አጭር በረራም የዓለም አቀፉ ጉዞ አካል ሆና ትቆጠራለች። ለየብቻ ከሆነ ያቺ በረራ የአገር ውስጥ ብቻ ሆና ትቀራለች።

ምርጫችሁ ሁለት ቲኬት ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ ግቡ። ዘመድ ቤት ማደር ካመለጠ በረራ ይረክሳል።

ደረጃ 3፦ የትኛው ሕግ እንደሚይዛችሁ እወቁ

ሕጉ የሚከተለው ፓስፖርታችሁን ሳይሆን በረራውን ነው። ከየት ተነሳ፣ ወዴት ሄደ፣ የማን አውሮፕላን ነው። አንድ መንገደኛ ስትሄድ በአንድ ሕግ፣ ስትመለስ በሌላ ሕግ ልትጓዝ ትችላለች።

ከአውሮፓ እንጀምር። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 ከየካቲት 2005 ጀምሮ ይሠራል። ከኅብረቱ አገሮች የሚነሳ ማንኛውም በረራ፣ የማንም አየር መንገድ ይሁን፣ ይያዛል። ወደ ኅብረቱ የሚገባ በረራ ግን የሚያዘው አየር መንገዱ የአውሮፓ ከሆነ ነው። ስለዚህ አማቴ ስትሄድ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ብትበር ይህ ሕግ አይመለከታትም፤ በሉፍታንዛ ብትበር ይመለከታታል። ስትመለስ በሁለቱም ይመለከታታል።

የሚገርመው፣ ይህ ሕግ «መዘግየቱን በስንት ደቂቃ አሳውቅ» አይልም። የሚያስገድደው መብታችሁን እንዲያሳውቁ ነው። ቼክ ኢን የምታደርጉበት ቦታ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ አለበት። በረራው ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ ደግሞ ለእያንዳንዱ መንገደኛ ስለ ካሳና ስለ እርዳታ የሚገልጽ ጽሑፍ መስጠት ግዴታ ነው። ካልሰጧችሁ ጠይቁ። ያ ወረቀት ካሳ የሚጠየቅበትን መንገድ ይነግራችኋል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለመዘግየት ካሳ እንዲከፈል የወሰነው የ2009 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። መጨረሻ መድረሻችሁ ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ፣ ርቀቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ፣ 600 ዩሮ ነው። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ይርቃል። መዘግየቱ ከአራት ሰዓት በታች ከሆነ ግማሹን ሊቀንሱት ይችላሉ። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካለ፣ ለምሳሌ መጥፎ አየር፣ ካሳው ይቀራል። ምግቡና ማደሪያው ግን አይቀርም። የአውሮፕላን ብልሽት በአብዛኛው ከአቅም በላይ ተብሎ አይቆጠርም።

እዚህ ላይ ለጅማ ሰው የምትጠቅም አንዲት ፍርድ አለች። ከበርሊን በካዛብላንካ በኩል ወደ አጋዲር በአንድ ቲኬት የሄደች መንገደኛ ነበረች። በሞሮኮ አየር መንገድ። ከበርሊን ካዛብላንካ ደረሰች፣ የካዛብላንካው መቀጠያ በረራ ላይ ግን መቀመጫዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ተገኘ፤ አጋዲር አራት ሰዓት ዘግይታ ገባች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2018 ሁለቱ በረራ አንድ ጉዞ ነው፣ ሕጉ ይይዘዋል አለ። ሁለተኛው በረራ ሙሉ በሙሉ አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ለውጥ አላመጣም። አሁን በርሊንን በፍራንክፈርት፣ ካዛብላንካን በቦሌ፣ አጋዲርን በጅማ ተኩት። በአንድ ቲኬት ከፍራንክፈርት ተነስታችሁ ቦሌ ላይ መቀጠያው አምልጧችሁ ጅማ ሦስት ሰዓት ዘግይታችሁ ብትደርሱ፣ የሚቆጠረው አባ ጅፋር የደረሳችሁበት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይቀራል።

እንግሊዝ ከኅብረቱ ብትወጣም ያንኑ ሕግ ይዛ ቀርታለች፤ ለረጅሙ ርቀት ካሳው 520 ፓውንድ ነው።

አሜሪካ ደግሞ በተቃራኒው ነች። ደቂቃ ትቆጥራለች፣ ለመዘግየት ግን የካሳ ገንዘብ አታስገድድም። በትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ደንብ መሠረት አየር መንገዱ በረራው 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ፣ እንደተሰረዘ ወይም ሌላ ቦታ እንደሚያርፍ ካወቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ ማሳወቅ አለበት። በረራው በሰባት ቀን ውስጥ የሚካሄድ ሲሆን ነው ይህ። መረጃው ድረ ገጹ ላይ መውጣት አለበት፣ በስልክ ለጠየቀ መነገር አለበት፣ አሜሪካ አየር ማረፊያ ውስጥ ከሆነ ጌቱ ላይ መነገር አለበት። ማሳወቂያ ለተመዘገበ ሰው ደግሞ በተመዘገበበት መንገድ ይላካል። ያንን «አዎ» የሚለውን ምርጫ ያነሳሁት ለዚህ ነው። ሕጉ ወደ አሜሪካ የሚበሩና ከዚያ የሚነሱ የውጭ አየር መንገዶችንም ይይዛል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የምትበሩም አላችሁበት።

በ2024 የወጣ ደንብ ደግሞ ዓለም አቀፍ በረራ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነና «ተዉት፣ አልሄድም» ካላችሁ ገንዘባችሁ እንዲመለስ ያስገድዳል። አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጣችሁ አሜሪካ አየር ማረፊያ ላይ ከቆማችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ውሃና የሚቀመስ ነገር፣ ዓለም አቀፍ በረራ ከሆነም ደኅንነት ካልከለከለ በአራት ሰዓት ውስጥ የመውረድ ዕድል ሊሰጣችሁ ይገባል።

ካናዳ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዛለች። ከ2019 ጀምሮ ያለው ደንቧ ምክንያቱ እንዲነገር፣ አዲሱ ሰዓት እስኪቆረጥ ድረስም በየ30 ደቂቃው ያለው ሁኔታ እንዲገለጽ ያዛል። ጥፋቱ የትልቅ አየር መንገድ ከሆነ ካሳው እንደ መዘግየቱ 400፣ 700 ወይም 1,000 የካናዳ ዶላር ነው፤ መጠየቂያው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ይሄኛው ነው። የሚያበሳጨው መዘግየቱ ብቻ አይደለም። «ትንሽ ጠብቁ» እየተባሉ አምስት ሰዓት መቀመጥ ነው።

ወደ ሳዑዲና ወደ ኤምሬትስ ለምትሄዱ የምትይዙት የሞንትሪያል ስምምነትን ነው። ሁለቱም አባል ናቸው። ስምምነቱ በዚህ ደቂቃ አሳውቁ አይልም፣ ቁርጥ ካሳም የለውም። መዘግየቱ ያስወጣችሁን ወጪ፣ ምግብ፣ ማደሪያ፣ ሌላ ቲኬት፣ በደረሰኝ ትጠይቃላችሁ። አየር መንገዱ የሚያመልጠው ተገቢውን ጥንቃቄ ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ነው። በጊዜ ያልነገራችሁ ከሆነ ይህን ማስረዳት ይከብደዋል። ጣሪያው ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 6,303 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፣ በአሜሪካ ዶላር ከ8,000 በላይ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ መልእክቱ ሲገባ ሰዓቱን በትክክል አንብቡ

መልእክቱ መድረሱ ብቻ አይበቃም። አየር መንገድ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 07:10 ማለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ነው። 13:40 ማለት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ ነው። ስድስት ቀንሱ። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን እንቅልፍ በዓይናችን ሲዞር እንስታለን።

ዋናው ወጥመድ እኩለ ሌሊት ነው። ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች ከቦሌ የሚነሱት በዚያ ሰዓት ነው። «ማክሰኞ 00:30» የሚል መልእክት ከገባ፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ማታ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የሄደ ሰው አንድ ቀን ሙሉ አልፎታል። ሰኞ 23:50 የነበረ በረራ ወደ ማክሰኞ 00:30 ቢገፋ የተገፋው አርባ ደቂቃ ብቻ ነው። ቀኑ ስለተቀየረ ግን አንድ ቀን የተገፋ ይመስላል። ቲኬቱ ላይ በእስክሪብቶ በእኛ አቆጣጠር ጻፉት፦ ዕለቱን፣ ቀን ወይም ሌሊት መሆኑን፣ ሰዓቱን።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ይቺን ዘዴ ሞክሩ። ጅማ የምትሳፈሩበት አውሮፕላን በአብዛኛው ጅማ አያድርም፤ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ፍላይትራዳር24 የሚባለውን መተግበሪያ ከፍታችሁ የሚመጣው በረራ ከቦሌ ተነስቷል ወይ ብላችሁ እዩ። ካልተነሳ፣ ሰሌዳው ላይ ምንም ይጻፍ፣ የእናንተም በሰዓቱ አይነሳም። በክረምት ጠዋት ጭጋጉ ከተማው ላይ ሲተኛ እኔ መስኮቱን ከማየት ይልቅ ይሄን ነው የማየው። ግን በዚህ ብቻ ተማምናችሁ ቤት አትቅሩ። አየር መንገዱ ራሱ አዲስ ሰዓት እስኪሰጣችሁ ድረስ በቲኬቱ ሰዓት ቼክ ኢን አድርጉ።

ደረጃ 5፦ አየር ማረፊያ ውስጥ

መዘግየት ሲታወጅ ሰው ሁሉ ወደ ጌቱ ይሮጣል። ጌቱ ላይ ያለችው ልጅ አውሮፕላኑን አላበላሸችውም። በትህትና ያናገራት ሰው ከጮኸባት የበለጠ ይሰማል፣ ይሄ በየትም አገር ያው ነው። አራት ነገር ጠይቁ። አዲሱ መነሻ ሰዓት ስንት ነው? ምክንያቱ ምንድን ነው? መቀጠያው በረራዬስ ይደርስልኛል፣ ካልደረሰስ በየትኛው ትወስዱኛላችሁ? ምግብና ማደሪያ ይሰጠናል?

ምክንያቱ ወሬ ለማወቅ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው። «ጭጋግ» እና «ብልሽት» በአውሮፓ ሕግ የ600 ዩሮ ልዩነት አላቸው። የሰማችሁትን ወዲያው ስልካችሁ ላይ ጻፉ፦ ማን እንደነገራችሁ በሥራ ድርሻው፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን እንዳለ። ሰሌዳውን ፎቶ አንሱ። የገባውን መልእክት ስክሪንሾት አድርጉ፣ አታጥፉት። ምንም መልእክት ካልገባም ባዶውን የመልእክት ሳጥን ፎቶ አንሱ፤ ይህም ማስረጃ ነው። የቦርዲንግ ፓሱን ቁራጭ አትጣሉ። የገዛችሁትን ሻይ ደረሰኝ እንኳ ያዙ። ስትደርሱ የአውሮፕላኑ በር የተከፈተበትን ሰዓት መዝግቡ፤ አውሮፓ ውስጥ መድረሻ ሰዓት ተብሎ የሚቆጠረው ጎማው መሬት የነካበት ሳይሆን በሩ የተከፈተበት ነው።

ፈረንጅ አገር ቋንቋ ለማይችሉ ወላጆች ጥያቄዎቹን በሚሄዱበት አገር ቋንቋ በትልቁ ጻፉና ፓስፖርቱ ውስጥ አስቀምጡላቸው። ያቺን ወረቀት ማሳየት ማንም አያቅተውም።

ደረጃ 6፦ በጽሑፍ ጠይቁ

በስልክ የተነገረ አቤቱታ ይረሳል። መጀመሪያ ለአየር መንገዱ ራሱ፣ በድረ ገጹ ፎርም ወይም በኢሜይል ጻፉ። እኔ የምጠቀምበት ይህን ይመስላል፦

«ስሜ ይህ ነው። የቦታ ማስያዣ ኮዴ ይህ ነው። በዚህ ቀን፣ የበረራ ቁጥሩ ይህ በሆነ በረራ በዚህ ሰዓት መነሳት ነበረብኝ። መዘግየቱን ያወቅሁት በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መንገድ ነው። መጨረሻ መድረሻዬ ጅማ የደረስኩት በዚህ ሰዓት ነው። የመዘግየቱን ምክንያት በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ፣ ስለ መዘግየቱ መልእክት የተላከው መቼና በየትኛው ቁጥር ወይም አድራሻ እንደሆነ እንድታሳዩኝ፣ የሚገባኝን ካሳና ወጪዬን እንድትከፍሉኝ እጠይቃለሁ። ደረሰኞቼን አያይዣለሁ።»

«በየትኛው ቁጥር» የምትለዋን አትዝለሏት። ቁጥራችሁ ተመዝግቦ ሳለ ካልላኩ ጥፋቱ ይታያል። ለወኪሉ ከላኩም ይታያል። እናንተ የተሳሳተ ቁጥር ሰጥታችሁ ከሆነም ይታያል፤ ያኔ ቢያንስ ማንን እንደምትወቅሱ ታውቃላችሁ።

ካልመለሱ በአውሮፓ በረራው የተነሳበትን አገር የሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪ ማመልከት ይቻላል። ለጀርመን የክስ ጊዜው በረራው የተካሄደበት ዓመት ካለቀ በኋላ ሦስት ዓመት ነው፤ አትቸኩሉ ማለት ግን አይደለም። ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ከሆነ አየር መንገዱ አቤቱታው መድረሱን በ30 ቀን፣ ዋናውን መልስ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ካልሰጠ ለትራንስፖርት ሚኒስቴሩ በድረ ገጹ ታመለክታላችሁ። በሞንትሪያል ስምምነት መክሰሻው ሁለት ዓመት ነው። ሻንጣ ዘግይቶ ከመጣ ግን በ21 ቀን፣ ተጎድቶ ከመጣ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላመለከታችሁ መብቱ ይቀራል።

ከጅማ አዲስ አበባ ብቻ ለሚበሩ

የአገር ውስጡ በረራ ላይ እንደ አሜሪካና ካናዳ ደቂቃ የሚቆጥር ነገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ውስጥ የለም። ይህ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ቲኬት የቆረጠ ሰውም ሸማች ነው። ስለዚህ አቤቱታችሁን ስትጽፉ በዚህ ላይ ቁሙ፤ ቅጂውን ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማስገባትም አይጎዳም።

ገንዘቡ እዚህ ትልቅ ላይሆን ይችላል። ሰዓቱ ግን ትልቅ ነው። በረራው እንደማይነሳ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ያወቀ ሰው ሌሊት መኪና ይይዛል። በሰኮሩ አድርጎ የግቤን በረሃ ተሻግሮ፣ ወልቂጤ ላይ ምሳውን በልቶ፣ ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ጨርሶ ከሰዓት አዲስ አበባ ይገባል። ረፋድ ላይ አየር ማረፊያ ተቀምጦ የሰማው ሰው ግን የሚበዙት መኪኖች ሄደውበታል። ሐኪም ቀጠሮ ያለው፣ ኤምባሲ የተቀጠረ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ኤምባሲ ቀጠሮ ካላችሁ ደግሞ የዘገየበትን መልእክት አዲሱን ቀጠሮ ስትጠይቁ አያይዙት።

አንድ የቀረ ነገር። «ካሳችሁን እናስመልስላችኋለን» የሚሉ ድርጅቶች በኢንተርኔት ሞልተዋል። ሥራቸውን የሚሠሩ አሉ፣ ነገር ግን ከሚገኘው ገንዘብ ጥሩ ድርሻ ይወስዳሉ። ከላይ ያለውን ጽሑፍ ራሳችሁ ለመላክ ምንም አይከፈልም። መጀመሪያ እሱን ላኩ፣ እምቢ ካሉ ያኔ ሰው ፈልጉ።